ጥሩምባው ለጎርፍም ይነፋ፦ የአደጋ ዝግጅትን ከቀበሌ ፋይል አውጥቶ ሰፈር ማድረሻ መመሪያ

ደብዳቤው ቀድሞ ደርሶ ነበር። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

የምንኖረው ጅማ ነው፣ ከወንዙ ብዙም ሳንርቅ። አንድ ክረምት «በሚቀጥሉት ቀናት ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ በወንዝ ዳር የሚኖሩ ነዋሪዎች አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ ቀበሌ ገባ። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው። ሰሌዳ ላይም ተለጥፏል፤ ከጨረታ ማስታወቂያና ከጠፋ መታወቂያ ጎን። በሦስተኛው ሌሊት ውኃው ቤት ገባ። ልጅ ያቀፈ አቅፎ፣ ፍራሽ የተሸከመ ተሸክሞ ወጣ። «የእድሩን ድንኳን እንትከል» ተባለ። ቁልፍ ያዡ አጋሮ ለቅሶ ሄዷል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። መቶ ሰው የሚያስጠልል ድንኳን እዚያው ተቆልፎበት እኛ ዝናብ ላይ ነጋብን።

ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ግን ደብዳቤውም ነበረ፣ ድንኳኑም ነበረ፣ ሰውም ነበረ። የሚያገናኛቸው ነገር ነው የጠፋው። ከዚያ ወዲህ የሞከርነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ ሌላ ሰፈር እንዲጠቀምበት ብዬ እዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የምናገረው በብዛት ስለ ጎርፍ ነው። እሳት ላይም ብዙው ይሠራል።

ወረቀቱ ምን ይላል?

ወረቀቱን አትናቁት። በ2005 ዓ.ም የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ ጥሩ ነገር ይዟል። ከዚያ በፊት፣ በ1966ቱ ረሃብ ጊዜ ከተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ጀምሮ፣ የለመድነው አደጋ ሲመጣ እህል ማጓጓዝን ነው። የ2005ቱ ፖሊሲ ግን ሐሳቡን ወደ ፊት ጎተተው። አደጋው ሳይመጣ ስጋቱን ለዩ፣ ቀንሱ፣ አስጠንቅቁ፣ ተዘጋጁ ይላል። እያንዳንዱ የአደጋ ዓይነት ባለቤት መሥሪያ ቤት እንዲኖረውም ያዛል። ወረርሽኝ የጤና ነው፣ ጎርፍ የውኃው ዘርፍ ነው። መዋቅሩ ከፌዴራል ተነስቶ እስከ ወረዳና ቀበሌ ይወርዳል። ኦሮሚያ ላይ ሥራውን የሚመራው ቡሳ ጎኖፋ ነው። ስሙ ራሱ የተወሰደው ኦሮሞ የተቸገረ ወገኑን መልሶ ከሚያቋቁምበት የቆየ የመረዳዳት ባህል ነው። አያችሁ፣ መሥሪያ ቤቱ እንኳን ስሙን የተዋሰው ከሰፈር ነው።

ታዲያ የት ላይ ይበጠሳል? «ነዋሪዎች ጥንቃቄ ያድርጉ» የምትለዋ ቃል ላይ። የትኛው ነዋሪ? በስንት ሰዓት? ማን በሩን አንኳክቶ? በየትኛው ቁልፍ? ፖሊሲ ይህን ሊጽፍ አይችልም፤ ሰፈራችሁን አያውቀውም። ይህን የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ ባንግላዴሽን ያስብ። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አውሎ ነፋስ እዚያ በትንሽ ግምት ሦስት መቶ ሺህ ሰው ጨረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥትና ቀይ መስቀል ሆነው በጎ ፈቃደኞችን ማሰልጠን ጀመሩ። መሣሪያቸው ድምፅ ማጉያ፣ ባንዲራና ብስክሌት ነበር። ሥራቸው የአየር ትንበያውን ከሬዲዮ ወስዶ ደጃፍ ማድረስ ነው። በ2007 ሲድር የተባለ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ሲመታ የሞተው ሰው ሦስት ሺህ አራት መቶ አካባቢ ነው። ያም ብዙ ነው። ግን ከሦስት መቶ ሺህ ጋር አስተያዩት። የመጠለያ ግንባታውም ትልቅ ድርሻ አለው። ቢሆንም በር የሚያንኳኳ ሰው ባይኖር መጠለያው ባዶውን ያድር ነበር።

አሁን ወደ ሥራው።

ደረጃ 1፦ ቀበሌ ሂዱና አራት ጥያቄ ጠይቁ

ከአቤቱታ አትጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ፣ ከተቻለ አንድ ሴትና አንድ የሃይማኖት አባት ይዛችሁ ሂዱ። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው ማነው? ስሙና ስልኩ ይመዝገብ።
ቅዳሜና እሁድ ወይም ሌሊት ቢመጣስ?
ሰው ከቤቱ ቢወጣ ወዴት ይሂድ ተብሎ ታስቧል?
የዚያ ቦታ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

እኛ ስንጠይቅ ሁለተኛው ላይ ዝም ተባለ። አራተኛው ላይ ሳቅ ሆነ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ከዚያ በፊት የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ነው። መልስ የሌለውን ጥያቄ «በጋራ እንሥራው» ብላችሁ ይዛችሁት ውጡ። በማግስቱ የተነጋገራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በደብዳቤ አስገቡ። የእናንተ ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ «ገቢ» ብሎ ቁጥርና ቀን ይምታበት። ይቺ ቁጥር ሰው ሲቀየር ትጠቅማችኋለች። ሰው ደግሞ ይቀየራል፤ እኛ ጋ በሁለት ዓመት ሦስት ኃላፊ ተቀያይሯል።

ደረጃ 2፦ አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ፣ እድሩን ያዙ

የኮሚቴ መቃብር ሞልቶናል። በስልጠና ማግስት ይቋቋማል፣ ከአበሉ ጋር ይሞታል። እድር ግን አለ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። የአባላት መዝገብ አለው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት፣ በርሜል አለው። ያልመጣን ይቀጣል። ሰው ሲሞት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ሰፈሩን ሁሉ ያስቀምጣል። እንዲህ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ካወቃችሁ ንገሩኝ።

የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው። ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሳቀርብ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ እድር ለሞት ነው። ለቁም ቀበሌ አለ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ሬሳ ከሚጠራን ሰው እያለ ብንጠራራስ?» አልኳቸው። ሳቁና ዝም አሉ። ድንኳኑ ጭቃ ይሆናል የሚለው ክርክር ግን ሁለት ስብሰባ ፈጀ።

በመጨረሻ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርን። እንዳለ ውሰዱት፦ «እድሩ ለጎርፍ፣ ለእሳትና ለመሰል ድንገተኛ አደጋ ንብረቱንና አባላቱን ያንቀሳቅሳል። ዳኛው ካልተገኘ ምክትሉ፣ እሱም ካልተገኘ ጸሐፊው ብቻውን መወሰን ይችላል። በአደጋ ጊዜ አባል የሆነና ያልሆነ አይለይም።» መሐለኛው ዓረፍተ ነገር ዋናው ነው። ሌሊት ስብሰባ አይጠራም። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

አንድ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሦስት እድር ካለ ጸሐፊዎቹን አንድ ቀን ቡና ላይ አገናኙ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ሰዎችንም ጥሩ።

ደረጃ 3፦ ሰፈሩን በእግር ዙሩ

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እየጨመረ ይሄዳል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ይበረታል። ከጅሬን በኩል ከፍታ ነው፣ ወደ ቦዬ ረግረግ እየወረደ ይሄዳል። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ የሚያልፈው በዚሁ ቁልቁለት ነው። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ መሥራታቸው ለጥበቃም ለእይታም ይሆናል። ለጎርፍም ሳያስቡበት አልቀሩም እያልን እንቀልዳለን።

ለመዞር ጥሩው ጊዜ ዝናብ ባባራበት ሰዓት ነው። ቦት ጫማ አድርጉ። ውኃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ቱቦ እንደሚተፋ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። «ከሁሉ የባሰው ጊዜ ውኃው የት ደረሰ?» በሉ፣ ግድግዳው ላይ በእጃቸው ያሳዩአችሁ። እዚያው በቀለም ምልክት አድርጉበት። የጭቃ ቤት ላይ አሮጌው የውኃ መስመር ራሱ ይታያል፤ ከታች ልስኑ ረግፎ ከላይ ደህና ነው።

ካርታውን የሚስል ሰው ከፈለጋችሁ ጅማ ላይ ዕድለኞች ናችሁ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሲቢቲፒ፣ ማለትም ማኅበረሰብ ውስጥ ገብተው በሚማሩበት የተግባር ፕሮግራም፣ ወደ ሰፈር ይወጣሉ። መጠይቅ ይዞ «ስንት ልጅ አለዎት፣ መጸዳጃ ቤት አለዎት» ያላላቸው የጅማ ሰው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ሲመጡ ቡና አፍሉላቸውና፣ «ከመጠይቃችሁ ጋር የሰፈራችንን የጎርፍ ካርታ ሥሩልን» በሉ። ካርታው ላይ አራት ነገር ይበቃል፦ ውኃ የሚገባባቸው ቤቶች፣ የውኃው መንገድ፣ ደህና መውጫ፣ ከፍ ያለ መሰብሰቢያ። ሌላውን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ያድርጉት።

ደረጃ 4፦ ቤቶቹን መዝግቡ፣ በተለይ እድር የማያውቃቸውን

እዚህ ላይ እኛ ክፉኛ ተሳስተናል። የመጀመሪያው ዝርዝራችን የእድር መዝገብ ግልባጭ ነበር። ቆንጆ፣ በመስመር የተሰመረ። በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አየችውና፣ «ተከራዮቹስ?» አለች።

ተከራይ እድር አይገባም፤ ነገ ይለቃል። በቀን ሥራ ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ለአምስት ያድራሉ፣ እድር አያውቃቸውም። ከገጠር የመጣ የትምህርት ቤት ልጅም አለ። ደግሞ ርካሽ ቤት ያለው ታች፣ ወንዝ ዳር ነው። ስለዚህ ውኃው ቀድሞ የሚያገኛቸው ሰዎች ከዝርዝራችን ውጪ ነበሩ። ማስጠንቀቂያ በእድር መዝገብ ብቻ ከሄደ ደርቆ የሚያድረውን አስጠንቅቆ የሚረጥበውን ይዘለዋል።

ስለዚህ በእድር መዝገብ አትቁጠሩ፣ በበር ቁጠሩ። በግቢ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የሚቆለፍ በር አንድ መስመር ያግኝ። መስመሩ ላይ፦ ሌሊት ስንት ሰው ያድራል? ራሱን ችሎ መሄድ የማይችል አለ ወይ፣ አልጋ ላይ የዋለ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው? የሚገባው ቋንቋ ምንድነው? ስልክ? በሩን የሚያንኳኳው ማነው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች። መሄድ ለማይችል ሰው ሁሉ ሁለት የተሰየሙ ሰዎች ይኑሩት፤ አንዱ ቢታመም አንዱ። ወሬ እንዳይሆን ሁለቱም ቀን ላይ ሄደው ከሰውየው ጋር ይተዋወቁ። እማማን ማን እንደሚያዝል እማማ ራሳቸው ይምረጡ። እኛ ጋ የተመደበላቸውን ጎረምሳ እምቢ ብለው ባጃጅ ነጂውን መረጡ። «እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል» ነው ምክንያታቸው። ዝርዝሩ በየስድስት ወሩ ይታደስ፤ ተከራይ ይቀያየራል።

ደረጃ 5፦ ዝናቡንና ወንዙን ለኩ

ይሄ የሳይንቲስት ሥራ ይመስላል። የልጅ ሥራ ነው፤ እኛም ለልጆች ነው የሰጠነው።

የዝናብ መለኪያ፦ ባለ ሁለት ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ከትከሻው ላይ ቁረጡ። አፉን ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት። ግርጌው ስለሚጎረብጥ ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ድረስ ውኃ ሙሉና እዚያ ላይ ዜሮ ብላችሁ ስመሩ። ከዚያ በላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ምልክት አድርጉ። ከጣሪያና ከዛፍ ራቅ አድርጋችሁ ንፋስ እንዳይጥለው ቅበሩት። ዝናብ ሲያባራ አንብቡ፣ ጻፉ፣ እንደገና እስከ ዜሮው ብቻ ሙሉት።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው? አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 2,000 ሊትር ሆነ። መቶ ጀሪካን ማለት ነው፣ ከአንድ ጣሪያ። ሁለት መቶ ጣሪያ ሲሆን ሃያ ሺህ ጀሪካን ውኃ አንዲት ቦይ ይፈልጋል። ይህን ስሌት ለእድር ስብሰባ ሳቀርብ ስለ ቦይ ጠረጋ የነበረው ክርክር እዚያው አለቀ።

የወንዝ መለኪያ፦ ድልድይ ምሰሶ ላይ፣ ማዘጋጃ ቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ሦስት ቀለም ቀቡ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ቀዩ ውኃው ወደ ቤቶች ከመውጣቱ በፊት ባለው ልክ ይሁን። በመጀመሪያው ክረምት ዝም ብላችሁ መዝግቡ፦ ስንት ዘነበ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ቢጫ ደረሰ፣ ከቀይ ተነስቶ ቤቶች ለመድረስ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ያቺ ደቂቃ ናት የእናንተ ዕድሜ። ከላይ ካለው ሰፈር አንድ ሰው በስልክ ያዙ። ድሬዳዋን ታስታውሳላችሁ፤ በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ ሃምሳ በላይ ሰው የወሰደው ከተማው ላይ በጣለ ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው። ታች ያለው ሰው ተኝቶ ነበር።

የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያ ሲያወጣ «ከመደበኛ በላይ» የሚል ቃል ከሰማችሁ ለእናንተ ትርጉሙ «ዝግጅቱን በአንድ ወር ቀድሙ» ነው። ሰዓቱን ግን ትንበያ አይነግራችሁም፤ ድልድዩ ነው የሚነግራችሁ።

ደረጃ 6፦ የማስጠንቀቂያ ሰንሰለቱን ሥሩ

የመጀመሪያ ልምምዳችን ላይ ጥሩምባ አስነፋን። ሰዉ ወጣ። ነጠላ አዘቅዝቆ፣ «ማነው የሞተው? ማነው?» እያለ። አንዲት እናት ደንግጠው ታመሙብን። ጥሩምባ በሰፈራችን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ እሱም «ሞተ፣ ስትችል ድረስ» ነው። «አሁኑኑ ውጣ» ማለት አይደለም።

ስለዚህ ድምፁን ለዩ። እኛ ጋ ለለቅሶ ረጅም ነው። ለጎርፍ አጭር አጭር፣ ሳይቋረጥ፣ ከብረት ቅጥቀጣ ጋር። ብረቱ ከጋራዥ የተገኘ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው፣ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። የመስጊድ ድምፅ ማጉያና የቤተ ክርስቲያን ደወል በዚህ ላይ ይጨመራሉ። የመስጊዱ ማጉያ ከሁሉም ሩቅ ይሰማል፤ ግን መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መብራት መጥፋቱ ያለ ነው። ባትሪ ያለው የእጅ ድምፅ ማጉያ መግዛት ከቻላችሁ ግዙ። ካልቻላችሁ ቸርኬው ይበቃል።

ስልክ ሁለተኛ ነው። አንድ ሰው አምስት ይደውላል፣ አምስቱ አምስት አምስት ይደውላሉ። በሦስት ዙር ከመቶ ሃምሳ በላይ ቤት ይደርሳል። ቴሌግራም ላይ ብቻ አትተማመኑ፤ ሌሊት ዳታ የሚያጠፋ ብዙ ነው።

መልእክቱ አጭር ይሁን። «ጎርፍ! ቀይ ደርሷል! ወደ ትምህርት ቤቱ!» በቃ። «ጥንቃቄ ያድርጉ» አትበሉ፤ ሰው ጥንቃቄ ማለት አልጋ ላይ ሆኖ መጨነቅ ይመስለዋል። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይባል። አንድ ነገር ልብ በሉ። በአፋን ኦሮሞ ጎርፍ «ሎላ» ነው፣ የመጨረሻው አናባቢ ተስቦ። ሳይሳብ ከተባለ ጦርነት ወይም ጠብ ማለት ነው። እኛ ፊደል ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። ስለዚህ በወረቀት የሚለጠፈውን በቁቤ አስጽፉ። በድምፅ የሚነገረውን አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይናገረው። ሌሊት ላይ «ጦርነት መጣ» ብላችሁ ሰፈር እንዳታተራምሱ።

ደረጃ 7፦ ቁልፍ

ይህን ደረጃ ለብቻው ያደረግኩት በቂም ነው። የመሰብሰቢያው ቦታ ቁልፍና የእድር መጋዘኑ ቁልፍ በሦስት በሦስት ይባዛ። ሦስቱ ሰዎች አንድ ቤተሰብ አይሁኑ። አንዱ ለቅሶ ሲሄድ ሦስቱም አይሄዱም። ትምህርት ቤት ከሆነ ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ ይፍቀድ፤ ዘበኛው ደብዳቤውን ይወቀው። ፖሊሲ ውስጥ «መጠለያ» የሚባለው ነገር ሌሊት ላይ ሲታይ ዘበኛ ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ቦይና ገንዘብ

ቦይ ጠረጋ ሚያዝያ ላይ ይሁን፣ በደቦ። ሰኔ ከገባ ረፍዷል። እኛ ቦይ ውስጥ በብዛት የምናገኘው የጫት ገረባ፣ ፌስታልና ፕላስቲክ ነው። ገረባውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ ፌስታሉን አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ጫት ሻጮቹን ከመክሰስ ይልቅ ማዳበሪያ ጆንያ ሰጥተናቸው ተስማማን። የወጣውን ደለል ቦዩ ዳር አትተዉት። በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባል። የማንሻ መኪና ከማዘጋጃ ቤት ቀድማችሁ በደብዳቤ ጠይቁ።

ገንዘቡ ትንሽ ነው። ከወር መዋጮ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ለብቻ መዝግቡት። ለባትሪ፣ ለገመድ፣ ለጆንያ፣ ለላስቲክና ለስልክ ካርድ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ ልምምድ

ግንቦት ውስጥ፣ ከመሸ በኋላ፣ አንድ ጊዜ። ቀኑን ለሰዉ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ በእኛ ስህተት ተማሩ። ሰዓት ያዙ፦ ቸርኬው ከተመታበት እስከ መጨረሻው ሰው መሰብሰቢያ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ? ያ ቁጥር ደረጃ 5 ላይ ካገኛችሁት ከቀይ እስከ ቤቶች ካለው ደቂቃ ካነሰ ደህና ናችሁ። ከበለጠ ቀዩን ምልክት ዝቅ አድርጋችሁ ቀቡት። የዚህ ሁሉ መመሪያ ሒሳብ ይቺው ናት።

ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ። ልጆቹ ይደሰታሉ። በመጨረሻ ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይቅረብ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣሉ።

ውኃው የመጣ ዕለት

እዚህ ላይ ምክሩ አጭር ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ፈጣን ውኃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ ባጃጅማ ከዚያም ቀላል ናት። ስለዚህ ተሻግሮ ዕቃ ማምጣት የለም። ድልድይ ላይ ቆሞ ቪዲዮ መቅረጽም የለም። ውኃው ሳይገባ፣ እጃችሁ ደረቅ ከሆነ፣ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ውኃው ከገባ አትንኩት። መታወቂያ፣ የቤት ካርታና የልጆች ሰርተፊኬት ቀድሞ በፌስታል ተጠቅልሎ በር አጠገብ ይሰቀል።

ዳገት ስር ላላችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። መሬት ከተሰነጠቀ፣ ዛፍና የመብራት እንጨት ካዘነበለ፣ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ ውጡ። የጎፋው ነገር ያሳዝናል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ገዜ ጎፋ ላይ መጀመሪያ የተናደው መሬት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሊያወጣቸው ሲሮጥ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው ያለቀው፤ ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ናቸው። እኛ ሰው «ድረሱልኝ» ሲል መቆም አንችልም፤ አፈጣጠራችን ነው። ቢሆንም ቢያንስ አንድ ሰው ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ብቻ እያየ የሚጮህ ይቁም። ጥቂት ሰው ይግባ፣ ሌላው ይራቅ።

መሰብሰቢያው ላይ ከዝርዝሩ ጋር በር በበር ተቆጣጠሩ። ለተጎዳ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የከተማውን እሳት አደጋና የፖሊስ ቁጥር ቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡና ዝርዝሩ ራስ ላይ ጻፉት።

ውኃው ከሄደ በኋላ

ጭቃ ቤት ተመልሶ ለመግባት አያስቸኩልም። ሲደርቅም ሊወድቅ ይችላል። ግድግዳው ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሰው አይደርበት። መጸዳጃ ሞልቶ ስለሚፈስ ጉድጓድ ውኃ አትጠጡ። ውኃ አጥልላችሁ አፍሉ፤ ጅማ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከተንተከተከ ይበቃል። ማፍላት ካልተቻለ «ውኃ አጋር» የተባለውን የውኃ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሩ። አጣዳፊ ተቅማጥ ካያችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያው ቀን ይነገር። የታቆረውን ውኃ ደግሞ አፍስሱ፤ ወባው ከኋላ ይመጣል።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። ጻፉት። ስንት በር ውኃ ገባው? ግድግዳው ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ደረሰ? ዝናቡ ስንት ሚሊ ሜትር ነበር? ማስጠንቀቂያው ስንት ሰዓት ወጣ፣ ውኃው ስንት ሰዓት ደረሰ? የትኛው ቱቦ ነው የተፋው? ሁለት ገጽ ይበቃል። ለቀበሌው፣ ለማዘጋጃ ቤቱና ለቡሳ ጎኖፋ ጽሕፈት ቤት አስገቡ፣ «ገቢ» አስመቱ። «ሰፈራችን በጎርፍ ተጎዳ» የሚል አቤቱታ ማንም ይጽፋል። «በዚህ ቱቦ በኩል፣ በ38 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ 61 በር» የሚል ጽሑፍ ግን የበጀት ስብሰባ ላይ ክርክር ያሸንፋል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው። የእናንተን አስገቡ። እስካሁን ያወራነው ፖሊሲን ወደ ሰፈር ስለ ማውረድ ነበር፤ ሰፈርን ወደ ፖሊሲ የሚያወጣው መሰላል ደግሞ ይቺ ወረቀት ናት።

የእኛ ሰፈር ዘንድሮ የት ደረሰ ለሚል፦ ቸርኬው ተሰቅሏል። ድልድዩ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም ስለደበዘዘ እንደገና ይቀባል። የማንሻ መኪናው ጥያቄ ላይ «ገቢ» አለን፣ መኪናው ግን ገና ነው። ሦስተኛውን ቁልፍ የያዘችው ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ተከራይ ናት። እድር ውስጥ የለችም። ግን ሌሊትም ቀንም ሰፈር ውስጥ የምትገኘው እሷ ብቻ ናት።